ሁለት ፀሐይ የሚፈልግ እንጨት

«ተነሽ አልኩሽ!»

«አልነሳም። ከነእኔ ይፍለጡት።»

«አንቺ ሴት፣ አገር ሳይሰበሰብብን ተነሽ!»

«ይሰብሰብ! ጋሽ ከፋለ የወንድማቸውን ቤት ሊማግዱት ነው፣ ኑና ሙቁ እላቸዋለሁ።»

የትምወርቅ ወይራው ግንድ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን በግራና በቀኝ ዘርግታ እንጨቱን እንደሚሸሽ ነገር ጨምድዳ ይዛዋለች። በሐዘን የተላጨ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ከፋለ ከፊቷ ቆሞ በከዘራው መሬቱን ይወጋል። እንጨት ፈላጩ ሳሊህ ምሳሩን ተደግፎ በመካከላቸው ቆሟል፤ ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶታል። ጠቡን ያመጣው የእሱ አፍ ነበርና።

ጠዋት የተጠራው እንጨት እንዲያይ ብቻ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የባሏ የረታ አርባ ደግሞ እሑድ ይውላል። ከፋለ ለተዝካሩ ስምንት የአህያ ጭነት ከገበያ ገዝቶ በሟቹ ግቢ አራግፏል። መቐለ ውስጥ ድግስ ያለበት ሰው ደግሞ እንጨቱን ለሳሊህ ሳያሳይ አይማግድም። ሳሊህ በጣሊያን ጊዜ ከወሎ፣ ከወረባቦ ለመንገድ ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ድንጋይ ሲፈልጥ ቆይቶ ወደ እንጨት ተሻገረ። እንጨቱን ያነሣል፣ በእጁ ይመዝናል፣ ሁለቱን ያጋጫል፣ የተቆረጠበትን ጫፍ ያሸታል፣ ልጡን በጥፍሩ ይሞክራል። ከዚያ ይናገራል። ጥድ ይፈነጥራል፣ ነጠላ ከለበሰ ሰው አጠገብ አይነድም። ክትክታ ቶሎ ይይዛል ቶሎ ይከዳል፣ ለማቀጣጠያ እንጂ ለወጥ አይሆንም። የቁልቋል ጭስ ዓይን ይጎዳል፣ ቤት አይግባ። ግራር ደግ ነው፤ ወይራ ባለበት ግን ግራርን ማን ይጠራል? ከተማው «ሳሊህ ደረቅ ካለ ደረቅ ነው» ይል ነበር፤ ለሠርግም፣ ለአራስ ቤትም፣ ለለቅሶም።

ከገበያው እንጨት ሁለት አንሥቶ አጋጨ። ድምፁ ዱባ በዱባ እንደ መምታት ነበር።

«ጋሽ ከፋለ፣ ይኼ እንጨት አይደለም፤ ዛፍ ነው» አለ። «ገና ሥሩን አልረሳም።»

ዳስ ሊጥሉ የመጡት ሰዎች ሳቁ። ሳሊህም በቀልዱ ትንሽ ደስ አለው። ከፋለ ግን አልሳቀም።

የማይስቅበት ምክንያት ነበረው። ካቻምና አንድ የሸዋ ነጋዴ ለሚስቱ ተዝካር ሲያወጣ እርጥብ እንጨት ማግዶ ዳሱ በጭስ ተሞላ፤ ካህናቱ ጸሎቱን እያስነጠሱ ጨረሱት፣ እንግዳው እንባውን እየጠረገ ሳይበላ ወጣ። የከተማው ሰው «የጢስ ተዝካር» ብሎ ስም አወጣለት። ዛሬም ገበያ ላይ አንድ የሸዋ ሰው ሲያልፍ፣ «ዘንድሮስ ታበሉናላችሁ ወይስ ታጥኑናላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ከፋለም ሸዌ ነው፤ ሃያ ዓመት በሰው አገር ስሙን ጠብቆ የኖረ ሰው። ዓይኑ ግቢውን ዞረና ማድ ቤቱ ጥግ የተጋደመው ግንድ ላይ አረፈ። የትምወርቅ ዓይኑን ተከትላ አየችና ሮጣ ሄዳ ተቀመጠችበት።

የግንዱ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ረታ ታሞ እንደ ተኛ፣ ቤቱ ዝናብ ጠጥቶ ወደቀ። እንደ ሠፈሩ ቤቶች ሁሉ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው እንጨት ተረብርቦ አፈር የተደለደለበት ነበር። ያን ሁሉ አፈር የሚሸከመው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጋደመ አንድ የወይራ አግዳሚ ነው። ጣራው ሲወርድ ሌላው እንጨት ተሰባበረ፤ አግዳሚው ግን አልተጫረም። የትምወርቅ ከግንበኛው ከታመነ ጋር ከፍርስራሹ ጎትታ አወጣችው፣ ምስጥ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ አስተኛችው፤ ባሏን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ረታ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሞተ።

ልጅ አልነበራቸውም። ቦታውን ወንድማማቾቹ ጨው ሲነግዱ አብረው ያቀኑት ነውና ከፋለ የእኔ ነው አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ማንንም ሳያስቀይሙ ወደ ቤታቸው መሄድ ስለ ፈለጉ፣ «ክረምቱ ሳይገባ ጣራ ካወጣችበት ትኑርበት፤ ካላወጣች ለወንድሙ ይመለስ» ብለው ተነሡ። ታመነም፣ «አግዳሚው ካለሽ ሌላውን በጭራሮም ቢሆን እሞላዋለሁ፤ ከተዝካሩ ማግስት እጀምራለሁ» አላት። አግዳሚው ከሌለ ግን ሌላ የለም። በጦርነቱ ዓመታት በከተማው ዙሪያ ግንድ የሚባል ተጨፍጭፎ አልቋል፤ ቤት የሚሸከም ወይራ የፈለገ ሩቅ አገር ወርዶ በስምንት ሰው ትከሻ ማምጣት አለበት። እሷ ስምንት ሰው ከየት ታመጣለች?

«ይኼ ግንድ ሃያ ዓመት የቤት ጭስ የጠጣ ነው» አለ ከፋለ። «ባገሩ ከዚህ የደረቀ የለም። ደግሞስ ለማን ሊሆን ነው? ለባልሽ ነፍስ አይደለም?»

«ለነፍሱ ጸሎት ይበቃዋል። ጣራው ለእኔ ነው።»

«ጣራ ጣራ ትላለች! እኛ ቤት የለንም? አያልነሽ ነይ ግቢ፣ አልጋ አንጥፌልሻለሁ አላለችሽም?»

«አንጥፋልኛለች። ወፍጮው ሥር።»

የከፋለ ሚስት አያልነሽ ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ላይ ቀና አለች። «እሰይ! ወጓም ምስጋናዋም ይኼው ነው። ወፍጮ ነክታ የማታውቅ የንጉሥ ልጅ!»

የትምወርቅ ወደሷ አልዞረችም። «ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ነው የቀረህ ከፋለ» አለች ዝግ ብላ። «መጠበቅ አቃተህ?»

አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳስ የሚጥሉት ሰዎች እንጨታቸውን እንደያዙ ቀሩ። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩት የጎረቤት አሮጊት፣ «ዋይ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ? ለቦታ ብዬ?» ከፋለ ደረቱን በመዳፉ መታ። «በረታ አጥንት! እኔ ወንድሜን አላሳፍርም ነው ያልኩ።»

ሳሊህ ሲያየው እውነቱን የሚናገር መሰለው። ሁለተኛ ሲያየው ደግሞ አልመሰለውም። ምናልባት ከፋለ ራሱም አያውቀውም ይሆናል።

«ጋሽ ከፋለ» አለ ሳሊህ፣ «እስከ ዓርብ ይስጡኝ። የሀሰንን አህዮች ይዤ ደስዓ ጫካ እወጣለሁ። ቆሞ የሞተ ወይራ የት እንዳለ አውቃለሁ። ግንድ አይወጣውም እንጂ ለማገዶ የሚያህለው የለም። ዓርብ ከዐሥር ሰዓት በፊት እዚህ አራግፋለሁ።»

«ደረቅ?»

«ደረቅ።»

ከፋለ በአጥሩ የተሰበሰበውን ሰው አየ። «እንግዲህ ሁሉም ይስማ። ዓርብ ሳሊህ ያመጣውን ደረቅ ነው ካለ ግንዱን አልነካም። ካላለ ግን...»

«ካላለ እኔው እነሳለሁ» አለች የትምወርቅ። «በአያ ሳሊህ ቃል አድሬያለሁ።»

*

ሳሊህና ሀሰን በዚያው ቀን ከሰዓት ወጡ። ሀሰንም የወሎ ሰው ነው፤ አራት አህያና የማያርፍ ምላስ አለው። ረቡዕ ደረሱ፣ ሐሙስ እስከ ቀትር ቆረጡ። ሳሊህ ቆሞ የሞተውን ብቻ እየመረጠ፣ በምሳሩ ጀርባ እየመታ እየሰማ ይሄዳል። ወድቆ የሞተ እንጨት ከመሬት ውኃ ይመልሳል፤ ቆሞ የሞተ ግን እስከ ልቡ ነፋስ አግኝቷል። አራቱን አህያ ሲጭኑ እንጨቱ እርስ በርሱ ሲነካካ ብረት ይመስል ነበር።

የመጣው ደመና ትንሽ ነበር። በግንቦት እንዲህ ያለ ደመና ብዙ ጊዜ አጉረምርሞ ያልፋል። ይኼኛው አላለፈም። ሜዳው ላይ፣ ዛፍም ዋሻም በሌለበት አገኛቸው። ሳሊህ ጋቢውን ገፍፎ በአንዱ ጭነት ላይ ጣለ፤ የሀሰንንም ሳይጠይቀው ገፈፈው።

«ወንድም ዓለም፣ ለማገዶ ጋቢ ስታለብስ ሚስትህ ብታይ ምን ትላለች?»

«ዝም ብለህ ያዝልኝ!»

«ይኸው ያዝኩ። እኔ ደግሞ ስሞት በእንጨት ትገንዘኛለህ።»

ዝናቡ ሽሮ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ግን ከአህዮቹ ጎን ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጡ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል። ሳሊህ አህዮቹን አቁሞ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ አንድ እንጨት መዘዘ። መዘነ፣ አጋጨ። ሁለቱን በምሳር ሰነጠቀ። ውስጡ የደረቀ፣ ቡናማ፣ ሽታው ንጹሕ ነው። ልጡ ግን አብጧል፤ በጥፍሩ ሲጫነው ውኃ አዘለ።

«ደረቅ ነው በልና ተገላገል» አለ ሀሰን። «ልቡ ደረቅ አይደለም?»

«ልቡ ደረቅ ነው።»

«እና? የምትዋሸው ልጡን ብቻ ነው።»

«እሑድ ቢጨስስ?»

«ቢጨስ ያስላቸዋል። በሳል የሞተ ሸዌ አላየሁም።»

ሳሊህ አልሳቀም። «ሀሰን፣ አንተ አራት አህያ አለህ። እኔ መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ። ያለኝ ይኼ አፌ ነው። ሳሊህ ደረቅ ብሎን ተጨናበስን ካሉ፣ ሰኞ ማን እንጨት ያሳየኛል?»

«እሷስ ሰኞ የት ታድራለች?»

ሳሊህ የሰነጠቃቸውን እንጨቶች ወደ ጭነቱ መለሰ። «ሂዱ!» አለ፣ አህዮቹን።

*

በግቢው ዳሱ ተጥሎ አልቋል። የትምወርቅ ግንዱ ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን ከዚያ ያልተነሣች ትመስላለች። ታመነ ግንበኛው ገመድና ውኃ ልኩን ይዞ መጥቶ ማድ ቤቱን ተደግፎ ቆሟል። ሀሰን ከሁሉም ቀድሞ፣ «ጉድ የሆነ ወይራ! እንደ ብር ይጮኻል!» እያለ ገባ።

ከፋለ ወደ ጭነቱ ቀርቦ በመዳፉ ዳሰሰው። መዳፉን አየ። በልብሱ ጠረገው። ለአንድ አፍታ ዓይኑን ወደ የትምወርቅ መለሰና ወደ ሳሊህ ዞረ፤ ድምፁም ከማክሰኞው የለዘበ ነበር።

«እህ፣ ሳሊህ? ደረቅ ነው በለኝና ይብቃ።»

ሳሊህ ከወደ መካከል አንድ እንጨት መዘዘ፤ ሌላ ጨመረ፤ አጋጨ። ሰው ሁሉ እጁን ያያል። የትምወርቅ ብቻ አፉን ታያለች። ቃሉ አጭር ነበረች። ማክሰኞ ዕለት እንኳ ያለ ሐሳብ ብሏታል። አሁን ግን ጣቱ ከልጡ ሥር ያለውን እርጥበት አግኝቶታል፤ ጣቱ ያገኘውን አፉ ክዶ አያውቅም።

«ልቡ ደረቅ ነው» አለ።

የትምወርቅ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ላዩ ግን ጠጥቷል። ሁለት ፀሐይ ይፈልጋል።»

«ቅዳሜ ንጋት ላይ እኮ ነው ድስት የምጥደው!» አለች አያልነሽ። «ሁለት ፀሐይ ከየት ላምጣ? ከጎረቤት ልበደር?»

«ይጨሳል አይጨስም?» አለ ከፋለ።

«መጀመሪያ ላይ... ትንሽ።»

«ትንሽ!» ከፋለ ከዘራውን መሬት ላይ አሳረፈ። «እንግዲህ አንተው አልክ። እኔ አላልኩም።»

የትምወርቅ ተነሣች። የተቀመጠችበትን ቀሚሷን አራገፈች። ሰዎቹ አንድ ነገር እንደምትል ጠብቀው ነበር፤ እሷ ግን ግንዱን በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ «ሌላ ሰው አያበላሸው፤ አንተው ፍለጠው፣ አያ ሳሊህ» ብላ ማድ ቤት ገባች። ታመነ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቅልሎ ወጣ። ሀሰን አህዮቹን እያራገፈ የሳሊህን ፊት አንድ ጊዜ ብቻ አየው።

ሳሊህ ፈለጠው። ግንዱን በመጋዝ አራት ቦታ ቆረጠ፤ የብረት ሽብልቁን በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ስንጥቁን ፈልጎ ተከለ። ወይራ ካልፈለገ አይከፈልም፤ መንገዱን ላገኘለት ግን በአንድ ምት ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር የቆየ የቤት ሽታ ይወጣ ነበር፤ የወጥ፣ የቅቤ፣ የሰው። መካከለኛው ቁራጭ ላይ ገመድ የበላው ጎድጓዳ መሥመር አገኘ። ረታ የጨው ሚዛኑን ያንጠለጥል የነበረው እዚያ ላይ ነው። ሳሊህ ያን ቁራጭ አገላብጦ ሽብልቁን በሌላ በኩል ሊተክል ሞከረ፤ እንጨቱ ግን መንገዱ በዚያ በመሥመሩ በኩል ነበር። በዚያው ተከፈለ።

 ማታ ፍልጡ በረድፍ ተደርድሮ፣ የደስዓው እንጨት ደግሞ ማንም ሳይፈልገው ከኋላው አጥር ጋር ተከምሮ አደረ።

*

ቅዳሜ ፀሐዩ ከማለዳው ጀምሮ ከረረ፤ ነፋስም ነበረው። ሳሊህ ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላው አጥር አልሄደም። ውኃ ቀዳ፣ ጉልቻ አስተካከለ፣ ያልታዘዘውንም ሠራ፤ ወደዚያ ብቻ አልሄደም።

እሑድ ዳሱ ሞላ። እሳቱን ሁሉም አደነቀው። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጭስ የሚባል የለም። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ድስቶቹ ወዳሉበት ብቅ ብለው፣ «ከፋለ፣ ይኼ እሳት ነው መብራት? እህል እኮ በዚህ ብቻውን ይበስላል!» አሉ። ከፋለ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ፊቱ በርቶ ነበር። «የወንድሜ ነው አባቴ፤ ከራሱ ቤት የወጣ ነው» አለ፤ ዓይኑም እውነተኛ እንባ አቀረረ።

የትምወርቅ በዳሱና በማድ ቤቱ መካከል እየተመላለሰች ሣህን ትሰበስባለች። አያልነሽ «ያንን አንሺ» ስትላት ታነሣለች፣ «እዚያ አድርሺ» ስትላት ታደርሳለች። አንድም ቀን ሳታድር የወፍጮው ሥር ሰው ሆናለች።

ቀትር አለፍ ሲል፣ ገና ሁለት ድስት ሳይወርድ፣ የአግዳሚው ፍልጥ አለቀ።

«ሳሊህ! እንጨት!» አለች አያልነሽ። «እሳቱ ወረደብኝ!»

«ያለው ያ የደስዓው ነው።»

«እሱኑ አምጣ እንግዲህ። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባል የለ? ትንሽ ቢጨስ እንግዳው በልቷል።»

ሳሊህ ወደ ኋላው አጥር ሄደ። ገና ከላይ ያለውን ሲያነሣ እጁ አወቀው። ልጡ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በራሱ እየተላቀቀ ይረግፋል። ሌላ አነሣ። ከሥር ያለውን ሳበ። አጋጨው፤ ብረት ጮኸ። አንድ ፀሐይ ነበር የበቃው። ቅዳሜ ማታ መጥቶ አንዲቱን ቢያነሣ ኖሮ... ግን ቅዳሜ ማታ ግንዱ ተፈልጦ አልቋል። ማለት የነበረበት ዓርብ ነው።

አንድ ክንድ ሙሉ ታቅፎ መጥቶ ከፍሙ ላይ አደረገው። እሳቱ ተቀበለው። ጭስ አልነበረም። ነበልባሉ እንደ መጀመሪያው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እንዲያውም በረታ።

«ውይ!» አለች አያልነሽ ማማሰያዋን ይዛ። «ይኼ ደረቅ አይደለም እንዴ? የምን ሁለት ፀሐይ ነው ያወራኸን?»

ከፋለ ከእንግዶቹ መካከል እየሣቀ መጣና የሳሊህን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ጠላ ቀምሷል። «ተውት፣ ተውት። ሳሊህም አንዳንዴ ይሳሳታል። ደረቁን እርጥብ ማለት ይሻላል፣ እርጥቡን ደረቅ ከማለት። ይኼ ነው የታመነ ሰው!»

ሳሊህ ቀና ሲል የትምወርቅ ከእሳቱ ማዶ ቆማለች። የያዘችውን የሣህን ቁልል መሬት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች፤ ካመጣው እንጨት አንዱን አንሥታ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። እሱ እንደሚያደርገው። ከዚያ እሳቱ ውስጥ በቦታው አስገባችው፣ ልክ መግባት በሚገባው በኩል፣ ነበልባሉን ሳትረብሽ። አላየችውም።

ማድ ቤት ገብታ ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ጀርባዋ ላይ በነጠላ የተቋጠረ ትንሽ ጓዝ ነበር። ከዳሱ ኋላ ዞረች፣ ሀሰን ለእስላሞቹ የተለየችውን ፍየል ከሚበልትበት አጠገብ አለፈች፣ ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት በሚወጡበት በትንሹ በር ወጣች። የወንዙን መንገድ ነበር የያዘችው። እንስራ ግን አልያዘችም።

ሳሊህ አፉን ከፈተ።

«ኧረ እንጨት አቀብለኝ፣ ምን ገተረህ?» አለች አያልነሽ። «ከትልቁ አድርገው፣ ከዚያ ከደረቁ።»

ሳሊህ ጎንበስ ብሎ አቀበላት።